የመይሙና አንድ ዙር ከሩብ

መይሙና ሰው ትንቃለች። ይህን የምለው ለሐሜት አይደለም፤ ብትሰማኝም «እና ውሸት ነው?» ትለኛለች እንጂ አትቀየመኝም። ቆቦ ውስጥ ባጃጆች ተራ ከሚይዙበት መንገድ ዳር ካለችው ጠባብ ሱቋ ሳይናቅ ዕቃ ገዝቶ የወጣ ሰው አላውቅም። እኔም ተንቄ ወጥቻለሁ። ዛሬ ያንን ንቀት ባስታወስሁ ቁጥር እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፤ የምጽፈውም ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ነው።

ሱቋ ውስጥ ስኳር የለም፣ ሳሙና የለም፣ ልብስ የለም። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ነው፤ በየጣሳው ውስጥ የቱቦ ማያያዣ አለ። ማያያዣ ስል፣ ውሃ ወይም ናፍጣ ወይም ዘይት የሚሄድበትን ቀጭን ቱቦ ከሌላ ቱቦ ወይም ከሞተር ጋር የምታገናኘውን ትንሽ የነሐስ ዕቃ ማለቴ ነው። ሦስት ክፍል አላት፤ አካሉ፣ ቱቦው ላይ የምትጠልቅ ቀጭን ቀለበት፣ ቀለበቷን ወደ አካሉ የሚገፋ ዳዶ። ዳዶው ሲጠብቅ ቀለበቷ ትጨመቅና ቱቦውን ዙሪያውን ትነክሰዋለች። ብየዳ የለ፣ ሙጫ የለ፤ የሚይዘው ያቺ ንክሻ ብቻ ናት።

ይህን ያህል ያወቅሁት ከእሷ ነው። አብዛኛው ገዥዋ ግን ይህን እንኳ ሳያውቅ ነው የሚመጣው። አንድ ቀን ከሮቢት የመጣ ጎልማሳ ከፊቴ ቆሞ ሲጠይቅ ሰምቻለሁ።

«ማያያዣ ፈልጌ ነበር።»

«የምን?»

«የቱቦ ነዋ!»

«ቱቦው ስንት ነው?»

ሰውዬው አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አጋጥሞ አሳያት። «ይኸን ታህላለች።»

«ጣትህን ቆርጠህ ተውልኝና ልለካው።»

«ኧረ እቴ፣ መካከለኛ ናት፤ በጣም ቀጭንም አይደለች፣ በጣም ወፍራምም አይደለች።»

«ሙሽራ ልትመርጥ ነው የመጣኸው?» አለችው። ከዚያ በጣቷ እየቆጠረች ጠየቀችው። ቱቦው በውጭ በኩል ሲለካ ስንት ነው? መዳብ ነው ወይስ ብረት ወይስ ፕላስቲክ? ምን ይሄድበታል? ይሞቃል? ይንቀጠቀጣል? ሰውዬው አንዱንም አላወቀም። «ከሮቢት ድረስ ተሳፍረህ የመጣኸው አለማወቅህን ልታሳየኝ ነው። ሂድና ቁራጩን ይዘህ ና» ብላ ጣሳውን ወደ ቦታው መለሰችው። ሰውዬው እየተቆጣ ወጣ። ገበያ ያባረረች መስሎኝ አዘንሁላት። የማያውቁትን ዕቃ ሸጦ መላክ ምን ያህል ክፋት እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው።

የተወለደችው ዋጃ አጠገብ ነው። አባቷ ወደ አፋር እየወረደ የሚነግድ ባለ ግመል ነበር፤ ግመል ሲጫን እያየች አደገች። ላልቶ የታሰረ ጭነት መንገድ ላይ ይወርዳል። ከልክ በላይ ጠብቆ የታሰረ ደግሞ የግመሉን ጎን ይልጠውና በሦስተኛው ቀን ግመሉም ጭነቱም በረሃ ላይ ይቀራሉ። አባቷ ገመድ የሚያስረው ሁለት ጣቱን ከገመዱ ሥር አስገብቶ እየለካ ነበር። ጉልበቱን ሊያሳይ እግሩን ግመሉ ጎን ላይ ተክሎ የሚጎትት ጫኝ ሲያይ በኦሮምኛ አንድ ቃል ተናግሮ ፊቱን ያዞር ነበር ትላለች። ቃሉ ምን እንደሆነ ብጠይቃት «ለጾመኛ አይነገርም» ብላኝ አለፈች።

ሜዳው ላይ የመስኖ ጉድጓዶች ሲቆፈሩ ገና ወጣት ነበረች፤ በቆፋሪዎቹ ካምፕ ሻይ አፍይ ተብላ ተቀጠረች። የካምፑ ዕቃ ቤት ውስጡ የጨለመ ኮንቴይነር ነበር። ዕቃ ጠባቂው ማያያዣ ሲጠየቅ ካርቶኑን ሁሉ ዘርግፎ፣ ግማሽ ቀን ፈልጎ፣ የማይሆነውን ይዞ ይወጣል። እሷ ሻይ ልታቀብል ስትገባ የተዘረገፈውን እየለየች ትመልስ ጀመር። ትምህርት ቤት አልገባችም፤ ቁጥር ያወቀችው ከካርቶኖቹ ላይ ነው። ጥቂት ቆይቶ ሠራተኞቹ ጠባቂውን ትተው እሷን ይጠሩ ጀመር፤ ጠባቂው ደመወዙን ሳያፍር ይወስድ ነበር።

ከሠራተኞቹ መካከል አንድ ዝምተኛ ቧንቧ ገጣጣሚ ነበር። ሌሎቹ ተንጠልጥለው ሲያጠብቁ እሱ በእጁ አዙሮ፣ ከዚያ በትንሽ መፍቻ ጥቂት ጨምሮ ይተወዋል። «ለምን አትጨምርም?» ብላ ጠየቀችው። በማግሥቱ አንዲት ማያያዣ ከእነ ቱቦዋ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ሰንጥቆ ሰጣት። ቀለበቷ ቱቦውን የነከሰችበት ቦታ እንደ ጥርስ ምልክት ጥርት ብሎ ይታያል። ያቺ ስንጥቅ ማያያዣ ዛሬም ከሱቋ መሳቢያ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልላ አለች። የምታሳየው ትንሽ ብቻ ለናቀችው ሰው ነው።

ካምፑ ሲነሣ ሱቅ ልከፍት ነው አለች። ሰዉ የሻይ ቤት መሰለው። ጣሳዎቹን ስትደረድር ያዩ የሰፈሩ ወንዶች በሳቅ ሞቱ፤ «ሴት ዳዶ ልትሸጥ ነው!» ባሏ ረዲ፣ ከቆቦ ሮቢት ሚኒባስ የሚነዳው፣ ያኔ መንገድ ላይ በወጣ ቁጥር ይቀለድበት ነበር። የሚገርመኝ መሳቃቸው አይደለም። ይኸው እነዚያው ሰዎች ሞተራቸው በቆመ ቁጥር ደጇ ይሰለፋሉ፤ እዚያ ተሰልፈውም እሷ ሳትሰማ ያሾፋሉ።

አሁን ወደ እኛ ውርደት ልምጣ።

ጉድጓዳችን ከቆቦ ወደ ዋጃ ከሚወስደው መንገድ በስተ ምሥራቅ ነው። ሃያ ሁለት ቤተሰብ ነን። መብራት ከተቋረጠብን ወዲህ ውሃውን የሚያወጣልን አንድ አሮጌ የናፍጣ ሞተር ነው። ናፍጣው መሬት ላይ ካለ በርሜል በመዳብ ቱቦ እየተሳበ ወደ ሞተሩ ይወጣል። አምና፣ በመጋቢት፣ ዐቢይ ጾም ተጋምሶ፣ ሽንኩርታችን ራስ መቋጠር በጀመረበት ሳምንት ያ ቱቦ ተሰነጠቀ። ቀኑ ረቡዕ ነበር። በቆላው ፀሐይ ራስ የሚቋጥር ሽንኩርት እስከ እሑድ ውሃ ካላገኘ የሃያ ሁለት ቤት የዓመት ልፋት አለቀ ማለት ነው።

በጉድጓዳችን ዙሪያ መሐንዲስ የሚባለው እንዳለው የተባለ ጎረቤታችን ነው። ማን እንደሾመው አላውቅም። ክንዱ ወፍራም ነው፤ የቧንቧ መፍቻውም ክንዱን ያህላል፤ ለእኛ ይህ በቂ ማስረጃ ነበር። ደህናውን ሲያጠብቅ ያበላሻል፣ የተበላሸውን ሲያጠብቅ ይሰብራል፣ ሲሰበርም «ዕቃው ቀሽም ነው» ይላል። ሃያ ሁለት ሰው ለዓመታት ይህንን መልስ እየሰማ ራሱን ሲነቀንቅ ኖሯል። እንዳለው መይሙና ዘንድ መሄድ አልፈለገም፤ ከዚህ ቀደም ሰድባዋለች። እንዳይሰደብ ብሎ ሌላ ከተማ ድረስ ሄዶ፣ ምንም የማይጠይቀው ነጋዴ ዘንድ፣ በዓይኑ ገምቶ አንዲት ማያያዣ ገዝቶ ሐሙስ ረፋዱ ላይ መጣ።

ማያያዣዋ የመጣችባት ትንሽ ካርቶን መሬት ላይ ተጣለች። አነሣኋት። እኔ ማንበብ እወዳለሁ፤ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፣ ግን የወደቀ ወረቀት ሳላነብ አላልፍም። ውስጧ ታጥፋ የገባች ወረቀት ነበረች። ቋንቋው የእኛ አይደለም፤ ሥዕሉ ግን ግልጽ ነበር። እጅ ዳዶውን በጣቱ ያዞራል፤ ከዚያ መፍቻ አንድ ዙር ከሩብ ያዞራል። ቁጥሩም ተጽፏል፤ አንድ፣ ከጎኑ ሩብ። ከሥሩ ከመጠን በላይ የሚያጠብቅ ሰው ተሥሎ በቀይ ተሰርዟል። አየሁት። አጥፌ ኪሴ ከተትሁት። አንድ ቃል አልተነፈስሁም።

ለምን እንዳልተነፈስሁ ለመረዳት ልማዳችንን ማወቅ ያስፈልጋል። ከጥንት ጀምሮ የሆርማት ወንዝ ጎርፍ ሲመጣ ሕዝቡ ወጥቶ አፈርና እሾህ ከምሮ ውሃውን ወደ እርሻ ይጠልፋል። ያን ጊዜ እጁን ያላኖረ ሰው በተራው ውሃ አይወስድም። ደግ ልማድ ነው፤ ሰነፉን ያወጣል፣ ድሃውን ከሀብታም እኩል ያቆማል። ጉድጓድ ሲመጣ ልማዱን ይዘንው ወደ ጉድጓዱ ሄድን። በሞተሩ ላይ አንድ ነገር ሲጠገን ሃያ ሁለታችንም እጃችንን እናኖራለን። አፈር ላይ ሃያ ሁለት እጅ ሲጨመር ግድቡ ይጠነክራል። ማያያዣ ላይ ሃያ ሁለት እጅ ሲጨመር ምን እንደሚሆን ያሰበ አልነበረም፤ ማሰብ የእንዳለው ሥራ ነው ብለን ትተንለት ነበርና።

እንዳለው ቱቦውን በብረት መጋዝ ወጣ ገባ አድርጎ ቆረጠው። ዳዶው ሲገባ ላላ ብሎ ተወዛወዘ። «ትንሽ ይሰፋል» አለና ቃጫ ጠመጠመበት፣ በላዩ ቴፍሎን የሚሉትን ነጭ ጥብጣብ ጠመጠመበት፣ ከዚያ ተንጠልጥሎ አጠበቀው። የውሃ አባታችን አያ ፍቅሩ፣ ውሃ በተራ የሚያከፋፍሉን ሽማግሌ፣ መርቀው መፍቻውን ያዙና ትንሽ ሳቡ። ከእሳቸው ቀጥሎ ሁሉም በየተራው ሳበ። ደካማ እንዳይባል እያንዳንዱ ከፊተኛው አስበልጦ ይስባል። እኔ አሥራ አራተኛ ነበርሁ። ወረቀቷ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ሳብሁ።

ሞተሩ ተነሣ፤ እልል ተባለ። አሥር ደቂቃ ሠርቶ እያቃሰተ ሞተ። «አልጠበቀም!» አለ እንዳለው። እንደገና ሃያ ሁለት እጅ። ተነሣ፣ አሥር ደቂቃ፣ ሞተ። ዓርብ ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ዋለ። ናፍጣው ውሃ አለበት ተባለ፤ የሰው ዓይን ነው ተባለ። እኔ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ጠበል አምጥቼ ረጨሁበት። በጠበል አምናለሁ፤ ግን እግዚአብሔር የሰጠኝን ወረቀት ኪሴ ውስጥ አጥፌ በሌላ መንገድ እንዲረዳኝ መለመኔን ዛሬ ሳስበው በራሴ ላይ ከእንዳለው የበለጠ እስቃለሁ። ዓርብ ማታ የሽንኩርቱ ቅጠል ተኝቶ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አያ ፍቅሩ ጠሩኝ። «አንተ ታነባለህ፤ ሂድና ያችን ምላሰኛ ለምናት» አሉኝ። እንዳለው የቆረጠውን የቱቦ ቁራጭ ይዤ በባጃጅ ሄድሁ።

«እንደምን አደርሽ እቴ መይሙና።»

«አልሐምዱ ሊላህ። ምን ሰበራችሁ?»

ነገርኋት። እጅ ስለ ማኖራችን ስደርስ አስቆመችኝ።

«ስንት ሰው?»

«ሃያ ሁለት።»

«ሃያ ሁለት ሰው በአንድ ዳዶ ላይ! ግንድ ነው የምትጎትቱት?» ውፍረት መለኪያ ካሊፐሯን አነሣች። «ቱቦው ስንት ነው?»

ይህን ጥያቄ ተዘጋጅቼበት ነበር። ኮራ ብዬ «አሥር ሚሊ» አልኋት።

«ማን አለ?»

«ማያያዣው ላይ ተጽፏል።»

«እኔ የጠየቅሁህ ስለ እግሩ ነው፤ አንተ የምትነግረኝ ስለ ጫማው። የጫማው ቁጥር እግርህን ያሳድገዋል?» ቁራጩን ተቀብላኝ በካሊፐር ለካችው። «ዘጠኝ ተኩል። ይኼ በኢንች የሚለካው ነው፣ ሦስት ስምንተኛ። የገዛችሁት የሚሊ ነው። ልዩነቱ ግማሽ ሚሊ ነው፤ ከጥፍርህ ውፍረት አይበልጥም። ሽንኩርታችሁ በጥፍር ሞተ!»

ከዚያ ወረቀቷን አውጥቼ ሰጠኋት። ለምን እንደሰጠኋት አላውቅም፤ ምናልባት ለመናዘዝ ይሆናል። ሥዕሉን አየችና ቀና አለች።

«ይኼን አንብበኸው ነበር?»

«አይቼው ነበር።»

«መቼ?»

«ከማጥበቃችን በፊት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እጄን አኖርሁ።»

ስድብ ጠበቅሁ። አልሰደበችኝም። ወረቀቷን አጥፋ መለሰችልኝና «እንዳለው የማያውቅ ነው፤ አላህ ያልሰጠውን አልጠይቀውም። አንተ ግን ታነባለህ አሉ» አለችኝ። ከአንድ ጣሳ ሦስት ማያያዣ፣ ከመሳቢያዋ አንድ ትንሽ ቦርሳ አንሥታ «ረዲ!» ብላ ተጣራች። ባሏ ሚኒባሱን አስነሣ።

ጉድጓዱ ጋ ስንደርስ ሁሉም ቆመው ነበር። እንዳለው መፍቻውን ትከሻው ላይ አድርጎ «አንቺ ሴትዮ፣ ናፍጣ ጠብ አላለም። ካልፈሰሰ ምን ልትጠግኚ ነው የመጣሽው?» አላት።

«አንተን። ግን አንተ የምትጠገን አይደለህም» አለችውና ቦርሳዋን ከፈተች። ከማያያዣው በኋላ ባለው መስመር ላይ አንድ ክንድ የምታህል ብርሃን የምታሳልፍ የፕላስቲክ ቱቦ ቀጠለችና ሞተሩን አስነሡ አለች። ተነሣ። ሃያ ሁለታችንም አንገታችንን አስግገን አየን። ቀላ ባለው ናፍጣ ውስጥ አረፋ ተከታትሎ ይሮጣል።

«ምን ይታይሃል መሐንዲስ?»

እንዳለው መፍቻውን ወደ ሌላኛው ትከሻው አዛወረ። አያ ፍቅሩ «አረፋ ነው ልጄ» አሉ።

«አየር ነው አያ። በርሜሉ መሬት ላይ ነው፣ ሞተሩ ከፍ ያለ ነው። ይኼ ቱቦ ይስባል እንጂ አይገፋም። ስለዚህ ሽንቁር ካለው ናፍጣ ወደ ውጭ አይወጣም፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። እናንተ ጠብታ ስትፈልጉ ሞተሩ ነፋስ ሲጠጣ ሦስት ቀን ዋለ።» አስተያየቷ ይህንኑ ሦስት ጊዜ ለሞኝ ልጅ የተናገረች ሰው አስተያየት ነበር። በዚያው ቅጽበት ሞተሩ አቃስቶ ሞተ።

የእኛን ማያያዣ ለመፍታት ሁለት ሰው አስፈለገ። ሲወጣ ቱቦው እንደ ተርብ ወገብ ቀጥኖ፣ ቀለበቷ ጠማማ ሆና ሠርጋ፣ የዳዶው ጥርስ ተበልቶ ነበር። ቃጫው ወደ ውስጥ ገብቶ ናፍጣ ጠጥቷል። መይሙና መዳፏ ላይ አስቀምጣ እያዞረች ለእያንዳንዱ ሰው አሳየችው፤ እጁን ያላኖረበት አልነበረምና ማንም ወደ ሌላው ሊጠቁም አልቻለም። «ቀለበት ቱቦውን ስትነክስ በጥርሷ ነው፤ በቃጫ አፏን ሞልታችሁ ንከሺ ትሏታላችሁ» አለች።

ከዚያ ሥራዋን ጀመረች። የተበላሸውን ጫፍ፣ በቱቦው ዙሪያ እየዞረ በሚቆርጥ ትንሽ መቁረጫ ቀጥ አድርጋ ቆረጠችው። ከውስጥም ከውጭም ስለቱን ጠርጋ በጣቷ ዳሰሰችው። ቱቦው ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ እንዳይሰነጠቅ አንድ ጊዜ ክብ አድርጋ ጠመዘዘችውና ከሞተሩ ቤት አንድ ምሰሶ ጋር አሰረችው፤ ቀድሞውንም የተሰነጠቀው ቀጥ ብሎ ተወጥሮ ስለነበር ነው። አዲሷን ማያያዣ፣ የኢንቿን፣ አስገባች። ቱቦውን መጨረሻው እስኪነካ ገፋችው። ዳዶውን በጣቷ አጠበቀች። ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አውጥታ ዳዶው አናት ላይ አንዲት ነጥብ አደረገች፤ ነጥቧ ወደ ሰማይ ታያለች።

መፍቻዋ የእጅ መዳፍ ታህል ነበር። እንዳለው ሳቀ። አንድ ዙር አዞረች፤ ነጥቧ ዞራ ወደ ሰማይ ተመለሰች። ሩብ ጨመረች፤ ነጥቧ ወደ ዞብል ተራራ ዞረች። መፍቻዋን አነሣች።

«በቃ?» አለ እንዳለው።

«በቃ።»

«እኔ በአንድ እጄ ሁለት ዙር እጨምርበታለሁ።»

«አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው እዚህ የመጣሁት።»

ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አያ ፍቅሩ ግን ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ልጄ፣ አላህ እጅሽን ይባርከው። ግን እጃችንን ሳናኖር ውሃ አይከፈልም» አሉ። ሰውም አጉረመረመ። ዛሬ ስጽፈው የሚያስቅ ይመስላል፤ ያኔ አያስቅም ነበር። ካቻምና አንድ ሰው እጁን ሳያኖር ውሃ ወሰደ ተብሎ አካፋ ተመዞበት ደም ፈሷል። ሞተሩ ቢሠራ እንኳ እጅ ካልተቀመጠ የውሃ ተራውን የሚያከብር አይኖርም። እጅ ከተቀመጠ ደግሞ አዲሷ ማያያዣ እንደ ፊተኛዋ ትሆናለች። ፀሐይዋ ከፍ ብላለች፤ ሽንኩርቱ ተኝቷል።

በዚህ ጊዜ ነው አፌን የከፈትሁት። ወረቀቷን አውጥቼ «አያ፣ ተጽፏል። አንድ ዙር ከሩብ። ይኸው ሥዕሉ። እኔ ሐሙስ ዕለት አይቼ ዝም ብያለሁ፤ ጥፋቱ የእኔም ነው» አልሁ። ወረቀቷ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። አንዳንዱ ገልብጦ ያያታል። አንዱ «ፈረንጅ የእኛን የውሃ ሥርዓት ምን ያውቃል!» አለ። ወረቀቷ ተመልሳ መጣች፤ መፍቻው ግን ከእንዳለው ትከሻ አልወረደም።

መይሙና ከእኔ ወደ እነሱ፣ ከእነሱ ወደ እኔ አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የተበላሸችውን ማያያዣ ከመሬት አነሣችና የሞተሩን ቤት ከደገፈው የግራር ምሰሶ ጋር በሽቦ ጥፍር አድርጋ አሰረቻት። ዳዶዋን መልሳ አጠለቀችባት።

«ይቺው!» አለች። «ያቺኛዋ የሞተሩ ናት፣ አትነካም። ይቺኛዋ የእናንተ ናት። የፈለጋችሁትን ያህል ሳቡ፤ እስከ ቂያማ አጥብቋት! እጅ ማኖር እንጂ መሥራት እንደማትፈልጉ ገብቶኛል።»

ንቀት እንዲህ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። አንዱ ይቆጣል ብዬ ፈራሁ። አያ ፍቅሩ ወደ ምሰሶው ሄደው ማያያዣዋን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጓት። ጣታቸውን አሸተቱ።

«ከዚህ ጉድጓድ የወጣች ዕቃ ናት» አሉ በመጨረሻ። «ናፍጣችንን ጠጥታለች። ላባችንም አለባት። እጅ ነው። ይቆጠራል።» መረቁ፣ መፍቻውን ከእንዳለው ትከሻ ላይ ወስደው ሳቡ።

ከእሳቸው በኋላ ሁሉም ተሰለፈ። አሥራ አራተኛው ላይ እኔም ሳብሁ፤ በዚህ ጊዜ ኅሊናዬ ንጹሕ ነበር። የመጨረሻው እንዳለው ነበር። መዳፉን እትፍ ብሎ አሸ፣ እግሩን ምሰሶው ላይ ተከለ፣ እያጓራ ሳበ። ዳዶዋ ቀጭ ብላ ለሁለት ተሰነጠቀች፤ እሱም በጀርባው ወደቀ።

«ዕቃው ቀሽም ነው» አለ ከመሬት ሳይነሣ።

ያን ቀን እንደሳቅነው ከዚያ በፊትም በኋላም አልሳቅንም። አያ ፍቅሩ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። መይሙና ብቻ አልሳቀችም፤ አየሩን ከመስመሩ አስወጥታ «አስነሡት» አለች።

ተነሣ። ማንም እልል አላለም። አሥር ደቂቃዋን ሁላችንም እናውቃት ነበር። ረዲ ሰዓቱን እያየ ይቆጥራል። በብርሃን አሳላፊዋ ቱቦ ውስጥ ናፍጣው ያለ አንዲት አረፋ፣ እንደ ጠራ ማር፣ ይሄዳል። ዘጠኝ። አሥር። ከንፈሬ «አባታችን ሆይ» ይላል። አሥራ አንድ። አሥራ አምስት ሲል አያ ፍቅሩ አካፋቸውን አንሥተው ቦዩን ከፈቱ። ውሃው የደረቀውን አፈር እየላሰ ወደ ሽንኩርቱ ወረደ። መይሙና ቦርሳዋን ዘግታ ሚኒባሱ ውስጥ ገባች። «ሰኞ መጥቼ አየዋለሁ፤ ነጥቧ ወደ ዞብል ካላየች የነካውን ሰው ስም ንገረኝ» አለችኝ። አመሰግናለሁ ልላት ስል በሩ ተዘጋ።

ከሽንኩርቱ ጥቂቱ ረፍዶበት ጠፋ፤ አብዛኛው ዳነ። ከፋሲካ በኋላ ምርት ስንሰበስብ አንድ ማዳበሪያ ሽንኩርት ተሸክሜ ሱቋ ሄድሁ። «ራሱ ትንሽ ነው» ብላ ተቀበለችኝ። ከዚያ መሳቢያዋን ከፈተች፣ ጨርቁን ፈታች፣ የተሰነጠቀችውን ማያያዣ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። የንክሻውን ምልክት በጥፍሬ ዳሰስሁት።

ወረቀቷን ዳዊቴ ውስጥ አስቀምጫታለሁ። በግራሩ ምሰሶ ላይ ሌላ አሮጌ ማያያዣ ታስሯል፤ ሲሰበር የምትተካው መይሙና ናት፣ የማይሆኑትን ለይታ በአንድ ጣሳ ታስቀምጥልናለች። በዘንድሮው መስኖ መጀመሪያ ቀን፣ አያ ፍቅሩ መርቀው ሃያ ሁለታችን ተራ ይዘን ስንስብ፣ ከዋጃ በኩል የመጣ መንገደኛ ቆሞ ሲያየን ቆየ።

«ይኼ ከምን ጋር ነው የተገናኘው?» አለኝ።

«ከምንም።»

«ታዲያ ለምን ታጠብቁታላችሁ?»

«ሌላኛውን እንዳናጠብቅ» አልሁትና ተራዬን ያዝሁ።